የምሰፋው ለደስታዬ ነው፤ የጥልፉ ክር ግን ለምን ይበጠስብኛል?

የጅሬኗ

ጤና ይስጥልኝ። ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ እይዛለሁ፤ ማታ ደግሞ ከእናቴ በወረስኳት ባተርፍላይ የእግር መኪና ላይ እቀመጣለሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ክረምታችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዝናቡ ከያዘ ከቤት መውጣት አያሰኝም፣ መስፋት ግን ያሰኛል።

አሁን በእጄ ላይ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም የአልጋ ልብስ ነው። መርካቶ አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ትርፍራፊውን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቀው ሊጥሉት ሲሉ ጠየቅኳቸውና በደስታ ሰጡኝ፤ አንደኛው እንዲያውም «ቤቴን አጸዳሽልኝ» ብሎ መረቀኝ። በከረጢቱ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት፣ ለኢድ ከተሰፋ የሕፃን ልብስ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ። ወለል ላይ ዘርግቼ ቀለም ከቀለም ሳጋጥም እራት መሥራት የምረሳበት ቀን አለ።

ሁለተኛው ጥልፍ ነው። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሄጄ የሰገነቱን የእንጨት ሥራ በእርሳስ ነድፌ መጣሁ፤ እሱን ነጭ አቡጀዴ ላይ ጠልፌ የትራስ ልብስ ላደርገው እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር የለበትም፤ ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥሬ በእጄ እያንቀሳቀስኩ ነው የምጠልፈው።

የቸገረኝ እንዲህ ነው። የአልጋ ልብሱ ካሬዎች ስገጣጥማቸው ማዕዘናቸው አይገናኝም፤ አንዱ ወጣ ይላል፣ ሌላው ገባ። በላይኛውና በሥረኛው ጨርቅ መካከል የሚገባውን ስስ የጥጥ ንጣፍ እዚህ ፈልጌ አጣሁ፤ ምን ልተካበት? ጥልፉ ላይ ደግሞ የላይኛው ክር ይበጠሳል፣ ጨርቁም በጥልፉ ዙሪያ ይሸበሸባል። የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና ያላችሁ ካላችሁም ስለ እሱ ንገሩኝ፤ አሁን ልገዛ ሳይሆን ለማወቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ሊጠጣ ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ጨርቁን አንሥቶ «ስንት ነው የምትሸጪው?» ይለኛል። አልሸጠውም ስል ያዝንልኛል። ለራሱ ደስታ ብቻ የሚሰፋ ሰው በዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ?

ባለመቀስ

ልጄ፣ ከጥልፉ እጀምራለሁ፤ እኔም በዚሁ በእግር መኪና የቀሚስ አንገትና እጅጌ እየጠለፍኩ ነው ልጆች ያሳደግኩት።

ክር ሲበጠስ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የክር ማጥበቂያውን ይነካካል። አንቺ እሱን ተይውና መርፌውን አውጥተሽ ብርሃን ላይ እዪው። በአንድ ጎኑ ረጅም ቦይ አለው፤ ክሩ ወደ ቀዳዳው መግባት ያለበት ከዚያ ከቦዩ በኩል ነው። መርፌው ዞሮ ከተሰካ መኪናው ወይ ስፌት ይዘላል ወይ ክር ይበጥሳል። ጫፉ የደነዘዘ ከሆነም ጣዪው። የጥልፍ ክር ከተራ ክር ይልቅ ቶሎ ስለሚበጠስ ቀዳዳው ሰፋ ያለ መርፌ ይወዳል፤ ለአቡጀዴ 80 ወይም 90 ቁጥር ይበቃሻል።

ለጥልፍ ጨርቅ የሚረግጠውን እግር ታወጪዋለሽ አይደል? እግሩ ባይኖርም ማንሻው ዝቅ ማለት አለበት። ማንሻው ከፍ እንዳለ ከሰፋሽ የላይኛው ክር ምንም አይጠብቅም፤ ከሥር ክሩ ተጠቅልሎ ጎጆ ይሠራል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ጨርቅ የሚገፋውን ጥርስ ዝቅ የሚያደርግ ብሎን መኪናሽ ካላት ዝቅ አድርጊው። ከሌላት ጥርሱን በስስ ካርቶን ሸፍነሽ የስፌቱን ርዝመት ዜሮ ላይ አድርጊ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የላይኛውን ክር ትንሽ የምታላዪው፤ የታችኛው ክር ወደ ላይ ብቅ እንዳይል።

መሸብሸቡ ከውጥረት ነው። ጨርቁ እንደ ከበሮ ካልተወጠረ ጥልፍ አይቀመጥም። የክቡን የውስጠኛ ቀለበት በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልዪው፣ እንዳያንሸራትት። ከሥሩ ለሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ የሚሆነውን ጨርቅ አድርጊበት፤ እሱ ከጠፋ ስስ ወረቀትም ይሠራል፤ ጠልፈሽ ስትጨርሺ ትቀድጂዋለሽ። ወረቀት ግን መርፌ ቶሎ ያደንዛል።

እጅሽና እግርሽ መስማማት አለባቸው። እግር ፈጥኖ እጅ ከዘገየ ስፌቱ አንድ ቦታ ይከመራል፤ እጅ ከፈጠነ መርፌው ይታጠፋል። ይህን ማንም አያስተምርሽም፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስምሽን ደጋግመሽ ጻፊ።

ከአጋሮ

ሰላም የጅሬኗ። ብቻሽን አይደለሽም፤ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ፈተና አርሜ ስጨርስ ሽልማቴ ስፌት ነው።

ማዕዘን የማይገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ከስፌቱ ስፋት ነው። ከጨርቁ ጫፍ እስከ ስፌቱ 6 ሚሊ ሜትር ያዢና ከመጀመሪያው ካሬ እስከ መጨረሻው አትቀይሪው። በአንድ ስፌት 1 ሚሊ ሜትር ብትስቺ በሁለቱም ጨርቅ ነው፣ ያም 2 ይሆናል፤ በረድፍ አሥር ካሬ ካለሽ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጠፋ ማለት ነው። እኔ የመኪናዬ ሳህን ላይ ከመርፌው በ6 ሚሊ ሜትር ርቀት ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ ጨርቁ እሱን ታክኮ ይሄዳል። እያንዳንዱን ስፌት ከሰፋሽ በኋላ ተኩሺው። ሁለት ረድፍ ስታጋጥሚ የአንዱን ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የሌላውን ወደ ግራ አጥፊ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ማዕዘኖች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ በጣትሽ ታውቂዋለሽ።

ከረጢትሽን ግን ሳትለዪው አትቁረጪ። ከየጨርቁ ክር መዝዘሽ በክብሪት አቃጥዪ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ጥጡን ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፤ ያልታጠበ ጥጥ ከታጠበ ጋር ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ይሰበሰብና ሥራሽ ሁሉ ይጨማደዳል። ያ የሚያብረቀርቀው የኢድ ጨርቅ ለብቻው ሌላ ሥራ ይጠብቅ፤ ካውያ አይችልም።

ሦስት ማዕዘን ከፈለግሽ ሦስት ማዕዘን አድርገሽ አትቁረጪ፣ ሰያፍ ጫፍ ይለጠጣል። ሁለት ካሬ ፊት ለፊት አጋጥመሽ ከማዕዘን ማዕዘን መስመር አስምሪ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ6 ሚሊ ሜትር ሰፍተሽ በመስመሩ ላይ ቁረጪ። ሁለት ባለ ሁለት ቀለም ካሬ ይወጣልሻል። ተሰፍቶ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለግሽ ካሬውን 12.5 ቆርጠሽ በኋላ 11.2 ላይ አስተካክዪው።

ለመካከሉ ያረጀ ጋቢ! አራት ድርብ ነው፣ እንዳለ ከገባ ለመኪናሽ ይከብዳል፤ ስፌቱን ፈትተሽ ለሁለት ክፈዪውና ሁለቱን ድርብ ብቻ አስገቢ። ከሥር አቡጀዴ። ሦስቱን በሰፋፊ ስፌት በእጅ ካያያዝሽ በኋላ ከመካከል ጀምረሽ ወደ ዳር ስፊ፤ ከዳር ከጀመርሽ ጨርቁ መካከል ላይ ይቋጠራል። በባንግላዴሽና በሕንድ ያሉት ቤንጋሎችም ካንታ የሚሉትን ሲሠሩ ያረጀ ሳሪ ደራርበው ነው በመርፌ ወጋ ወጋ የሚያደርጉት፤ ያረጀ ጨርቅ ለስላሳ ነው፣ ከአዲስ ይሻላል።

ሰው የሚልሽን ተይው። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በሚባል መንደር ጥቁር ሴቶች ከባሎቻቸው ያለቀ የሥራ ሱሪ ቤተሰባቸውን የሚያሞቁበት የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራቸው የሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሲሰፉት ግን ለግድግዳ ብለው አልነበረም።

ቁም ነገር

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የዚያው መንደርና የአካባቢው ሴቶች በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማኅበር መሥርተው እየሸጡ ገቢ አግኝተውበታል። የጨርቅና የክር ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት አገር ሙያ ይዞ «አልሸጥም» ማለት ቅንጦት ይመስለኛል። እህታችን ሁለት ሦስት ብትሸጥ ቢያንስ የክሯን ወጪ ትሸፍናለች።

የጅሬኗ

ወንድሜ ቁም ነገር፣ ገንዘብ ጠልቼ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ስደምርና ስቀንስ ነው የምውለው። ማታም መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ያንኑ መድገም ነው የማልፈልገው።

አንዲት ጎረቤቴ ለልጇ ሠርግ የትራስ ልብስ እንድጠልፍላት ለመነችኝ። ቀለሙን እሷ መረጠች፣ አበባውን እሷ መረጠች፣ ቀኑንም እሷ ቆረጠች። ጠልፌ ሰጠኋት፣ ገንዘቧንም አልተቀበልኩም፤ ግን እነዚያን ምሽቶች ሁሉ ሰዓት እያየሁ ነበር የሰፋሁት። የእኔ በሆነው ሥራ ላይ አረንጓዴው ደስ ካላለኝ እፈታዋለሁ፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። የምወደው ይህንን ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ የእንግሊዝ ኳስ ያያል፤ እስካሁን «ለምን አትሸጠውም?» ያለው ሰው አላየሁም።

አማቴ ደግሞ አንድ ቀን የተገጣጠመውን አንሥተው አገላብጠው አዩና «ይህን ድሪቶ ማን ይለብሰዋል?» አሉ። ሲጨርሱ ግን ከከረጢቱ ውስጥ ሰማያዊ ጨርቅ መርጠው «እዚህ ጋ ይኼ ይሻላል» ብለውኝ ሄዱ። ልክ ነበሩ፤ ሰማያዊው ገብቷል።

ከአጋሮ፣ የጋቢው ነገር አንጀቴን አራሰው። የእናቴ ያረጀ ጋቢ ሣጥን ውስጥ አለ። አቡጀዴውን አጥቤ አስጥቻለሁ፤ በዚህ ዝናብ መቼ እንደሚደርቅ ግን አላህ ይወቅ።

ጋሼ ባለመቀስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማንሻውን ዝቅ አድርጌ መርፌውን ስቀይር ክሩ መበጠሱን ተወ። መሸብሸቡም ቀንሷል፤ ክቡ ግን የሚፈለገውን ያህል አይወጥርልኝም፣ ማጥበቂያ ብሎኑ አልቋል። አሁን የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፦ ፔዳሉን ስረግጥ ትልቁ መንኮራኩር ይዞራል፣ የላዩ ግን አንዳንዴ ይቆማል።

ክር በክር

እኔ አዳማ ነኝ፣ ትንሽ የቤት ኮምፒውተር ጥልፍ መኪና አለችኝ። ለማወቅ ካልሽ አጭሩ ይኸው። እንደኔ ያለች ትንሽ መኪና የምትጠልፈው በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ንድፍ ከፋፍለሽ ጨርቁን እንደገና መወጠር አለብሽ፣ ማጋጠሙ ደግሞ ቀላል አይደለም። ፎቶ አስገብተሽ ጥልፍ አይወጣም፤ ንድፉ ወደ ስፌት ትእዛዝ መለወጥ አለበት። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ የሚጫን ኢንክስቲች የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እኔ በእሱ ነው የምሠራው። ብራዘር መኪኖች ፒኢኤስ የሚባለውን ፋይል ያነባሉ። ዲኤስቲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት የጥልፍ ፋይል ከሰጡሽ የክሩን ቀለም አይነግርሽም፣ ለብቻው ጽፈሽ ያዢ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እሷ ስትጠልፍ እኔ ክር ቀያሪ ነኝ። ጥሩ ትጠልፋለች፤ ደስታው ንድፉን ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀቱ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብዬ የማየው ግማሽ አበባ ነው፣ አንቺ በሻማም ትቀጥያለሽ።

ባለመቀስ

የላዩ የሚቆመው ቺንጋው ስለሚያንሸራትት ነው። የቆዳ ቺንጋ እያደር ይረዝማል። ማያያዣ ሽቦውን በጉጠት ከፍተሽ ከአንዱ ጫፍ ትንሽ፣ ከጣት ውፍረት ያነሰ ቆርጠሽ አዲስ ቀዳዳ ብሺና መልሰሽ ያያዢው። ብዙ አትቁረጪ፤ ከጠበበ ፔዳሉ ይከብድሻል። ቺንጋው ላይ ዘይት እንዳይነካው።

ዘይት የምትጠጣው መኪናዋ ናት። የመኪና ስፌት ዘይት ይሁን፤ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆንና ያቆማታል። የታችኛው ክር ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽ ጠርገሽ አንድ ጠብታ ጣል አድርጊበት፣ ከዚያ ነጩን ጨርቅሽን ከማስገባትሽ በፊት በቁራጭ ላይ ጥቂት ስፊ። በጅማ እርጥበት ሳህኗና የመርፌው ዘንግ ቶሎ ይዝጋሉ፤ ሠርተሽ ስትነሺ በዘይት በራሰ ጨርቅ አብሺያቸው፣ ሸፍኛት።

ክቡን በአዲስ አሠሪው። ከተማችን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፍሉ አናጢዎች ያሉባት ናት፣ ሁለት ቀለበት አያቅታቸውም። ቁመቱ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ንገሪያቸው፤ ከበለጠ ከመርፌው ሥር አይገባልሽም።