የውጭው ደረጃ ቪቴ ጭንቅላቱ እየተቆረጠ ነው፤ በምን ልተካው?

ጠያቂ፦ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ! የበረንዳችን የእንጨት ደረጃ አንዱ መርገጫ ዛሬ ጠዋት ተላቀቀ። ቪቴውን ልፈታ ካቻቪቴ ሳስገባበት ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቀረ። የሌሎቹም ዙሪያ ጠቁሯል። ስገዛው "አይዝግም" ተብዬ ነው፤ ያብረቀርቅ ነበር። ነገ እናቴ ትመጣለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ምን ዓይነት ልግዛ?

ጣውላ፦ እንጨቱ ምንድን ነው? አረንጓዴ መልክ አለው? ሳትነግረን አትግዛ።

ስቴንለስ፦ ስቴንለስ አድርገው፣ ትገላገላለህ።

መሐንዲስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሚያብረቀርቀው ቪቴ አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ስስ ዚንክ የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ከ5 እስከ 12 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ቢሆን ነው። በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የሚወጣው ግን 50 ማይክሮን አካባቢ ይደርሳል። ይሄኛው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ ስትዳስሰው ይሻክራል። ሁለቱም "ጋልቫናይዝድ" ተብለው ይሸጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ምስጥና ብስባሽ እንዳይበላው መድኃኒት የጠጣ እንጨት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ መዳብ አለው፤ አረንጓዴ መልኩም ከዚያ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ልክ እንደ ባትሪ ይሠራል፤ መጀመሪያ ዚንኩን፣ ከዚያ ብረቱን ይበላል።

ስቴንለስ፦ ስቴንለስ ብያለሁ እኮ። 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ይበቃል። ባሕር አጠገብ ከሆነ 316።

አናጢው፦ እኔ ጥፋቱን ሁሉ ቪቴው ላይ አልጥልም። ደረቅ እንጨት ውስጥ ተራ ብረትም ዕድሜ አለው። መርገጫዎቹ መሃል ክፍተት አለ? ውሃ የሚያቁር ከሆነ የፈለግከውን ብትገዛ ትመለስበታለህ። ቪቴው የገባበትን ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ አድርገው። ዘው ካለ እንጨቱ በስብሷል፤ ምንም አይዝልህም።

ጠያቂ፦ አዎ፣ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ወጋሁት፣ ጠንካራ ነው። ለዛሬ ቤት ያለውን ጥቁሩን የጂፕሰም ቪቴ ልምታበት?

ጣውላ፦ በፍጹም! እሱ የጂፕሰም ሰሌዳ መያዣ ነው። ጠንካራ ይመስላል እንጂ ተሰባሪ ነው። የሰው ክብደት ከጎን ሲያርፍበት ቀጭ ይላል፤ ውጭ ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። እናትህ የምትረግጠው ነገር ነው።

እንዲህ አድርግ። መርገጫውን አንሳና የቀረውን ግንድ በፒንሳ ይዘህ አዙረው። እምቢ ካለ ተወው፤ አዲሱን ትንሽ ራቅ አድርገህ ምታ። መጀመሪያ ከቪቴው ግንድ ቀጠን ባለ ፑንታ ብሳ። ስቴንለስ ከጠንካራ ብረት ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ሳትበሳ በግድ ካዞርከው እሱም ጭንቅላቱ ይቆረጣል። መርገጫውን ከሥር የያዘው የብረት አንግል ጋልቫናይዝድ ከሆነ ለአንግሉ ያው በዚንክ የተነከረ ቪቴ ተጠቀም። እርጥብ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ብረት ሲነካካ ደካማው ይበላል። አሉሚኒየም ደግሞ እዚህ እንጨት ላይ አታስጠጋ።

መሐንዲስ፦ ማግኔትም ይዘህ ሂድ። 304ም 316ም አይሳቡም፣ ቢሳቡም በትንሹ ነው። ጥብቅ አድርጎ ከሳበው ወይ ተራ ብረት ነው፣ ወይ ቶሎ የሚዝገው የስቴንለስ ዓይነት።

አጥር፦ በዚሁ ልጠይቅ፣ ምስማርስ አይሆንም?

አናጢው፦ ለአጥር በዚንክ የተነከረ ከሆነ ይሆናል። ለመርገጫ ግን ቪቴ ይሻላል። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ምስማሩን ቀስ በቀስ ገፍቶ ያወጣዋል።

ስቴንለስ፦ ምስማርም ስቴንለስ አለ።