ቢ-25 ሞዴል፦ በጭራው እየተቀመጠ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞዴሉ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የቢ-25ጄ የፕላስቲክ ሞዴል ነው፤ መጠኑ 1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ)። የአካሉን ሁለት ግማሾች አጣብቄ፣ ስፌቱን ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስኩ በኋላ በጎማዎቹ ሳቆመው ጭራው ጠረጴዛ ይነካል። ከፊት ጎማው ማስገቢያ በላይ ለክብደት ያስገባሁት 10 ግራም የእርሳስ ብረት አለ፤ አፍንጫው የሚወርደው ግን ጫፉ ላይ ሌላ 8 ግራም በፕላስተር ሲለጠፍበት ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሁሉም መስታወት ስለሆነ መደበቂያ የለም።

የሞተር ሽፋኖቹ ገና አልተዘጉም። ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ቢሆኑም ርቀታቸው ትንሽ ስለሆነ 8ቱ ግራም አይበቃም፤ በየሞተሩ ስንት ላድርግ? ቀጫጭኖቹ የፕላስቲክ እግሮችስ ይችሉታል ወይስ በሽቦ ላጠንክራቸው?

ሌላው፣ እርሳሱን ያጣበቅኩበት የሱፐር ግሉ ትነት የአፍንጫውን መስታወት ከውስጥ በነጭ ጭጋግ ሸፍኖታል (በነጭ ኮላ ቢሆን ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር)። መስታወቱ ይነቀላል። በጥርስ ሳሙና ልወልውለው ወይስ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ውስጥ ልንከረው?