የባለቤቴ ቅድመ አያት የማን ልጅ ናት?

የአውሮራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የነብራስካ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት እናቴ ከጎንደር መጥታ ዘሩን ጠየቀችው። እኛን ሰባት ቤት አስቆጥራ ነው ያሳደገችን። እሱ አያቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ውይ፣ ምስኪን!» አለችው። እኔ እቆጥርለታለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ወንዱን ቅድመ አያቱን አገኘሁት። በ1880ው የሕዝብ ቆጠራ ኢሊኖይ ውስጥ ያላገባ የእርሻ ተቀጣሪ ነው። በ1900 ነብራስካ፣ ከስተር ካውንቲ፣ ከሚስትና ከአምስት ልጆች ጋር ተመዝግቧል። የበኩሩ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። የሚስትየዋ የአባት ስም ግን የለም። በእኛ አገር ሴት ብታገባም የአባቷ ልጅ ናት። እዚህ ስሟን ከባሏ ስም ጋር ሲያያይዙት ዱካዋ ይጠፋል። የ1890ው ቆጠራስ የት ገባ? ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የዘር ሐረግማ እናቷ በስምንት ዓመቷ ወለደቻት ይላል!

ቆጣሪው፦
እህቴ፣ ያንን ሐረግ ተይው። አንዱ የተሳሳተውን ሌላው እየገለበጠው ነው። የ1890ው ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ እሳት አበላሽቶት ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አልተረፈም። የ1900ውን ግን እስከ ዳር አንብቢው። ስንት ዓመት በትዳር እንደቆዩ፣ እናት ስንት እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይናገራል። ዓመቱን ቀንሰሽ የጋብቻ መዝገቡን ከካውንቲው ጠይቂ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
መሬቱን በሆምስቴድ ሕግ አግኝቶት ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። የ1862ቱ ሕግ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። ሰውየው አምስት ዓመት ኖሮበት፣ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ ማስመስከር ነበረበት። ዶሴው ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያለው። መጀመሪያ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የባለቤትነት ወረቀቱን በነፃ ፈልጊ። በላዩ ያለውን ቁጥር ይዘሽ ዶሴውን እዘዢ። ምስክሮቹን ልብ በይ፤ ጎረቤት ናቸው፣ ጎረቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ አማች ነው።

አባ መላ፦
«ይሰጥ ነበር» ስትሉ የማን መሬት እንደነበረም አትርሱ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ፓውኒዎች ከነብራስካ ወደዛሬዋ ኦክላሆማ የተገፉት በ1870ዎቹ ነው።

የአውሮራዋ፦
እውነትዎን ነው አባቴ፤ ለልጆቼ ስነግራቸው እሱንም እነግራቸዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ዶሴው መጣ። ቤታቸው ከነሣር ሥሩ እየተቆረጠ ከተነባበረ አፈር የተሠራ፣ 14 በ16 ጫማ፣ አንድ በርና ሁለት መስኮት ያለው ነበር። ባለቤቴ ሳሎናችንን በእግሩ ለካው። አነሰ ያልነው ሳሎን ይበልጣል!

ከሁለቱ ምስክሮች የአንዱ የቤተሰብ ስም የበኩሩ ልጅ መካከለኛ ስም ሆኖ ቁጭ! ለካውንቲው ጻፍኩ። የጋብቻ መዝገቡ ላይ አባቷ ራሱ ምስክሩ ሰውዬ ነው። ከሴት ልጁ አጠገብ መሬት ይዞ ነበር ለካ።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። የ1900ውን ቆጠራም አነበብኩላት፤ ቅድመ አያትየዋ ሰባት ወልዳ አምስት ቀርተውላታል። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «የሁለቱስ ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ። አሁን የመቃብር መዝገብ ላይ ነኝ። ከስተር ካውንቲ አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ ጻፉልኝ።