ካሽ ሴልስ ቆርጬ ሰጠሁ ብሩ ግን አልገባም፣ ልዩነቱን የምታውቁ አስረዱኝ

ወረቀትና_ቀለም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ የጽህፈት መሣሪያ ሱቅ ከከፈትኩ 8 ወሬ ነው፣ የቫት ተመዝጋቢ ነኝ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንም አለኝ። እስካሁን የምሸጠው ለተማሪና ለአላፊ አግዳሚ ስለነበር ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት ቀድጄ መስጠት ብቻ ነበር። ባለፈው ግን አንድ ድርጅት ፕሮፎርማ ጠየቀኝ ሰጠሁ፣ አሸነፍሽ ብለው የግዢ ማዘዣ ላኩልኝ፣ ከቫት በፊት የ86,000 ብር ወረቀትና ቶነር በባጃጅ ሁለቴ ተመላልሼ አደረስኩ፣ ስቶር ኪፐሯ አንድ በአንድ ቆጥራ ፈረመችልኝ። ከዛ ፋይናንስ "ደረሰኝ ካላመጣሽ ቼክ አይሰራም" ሲለኝ የካሽ ሴልስ ፓዴን አውጥቼ ሞላሁ፣ ከማሽንም አውጥቼ አያይዤ ሰጠሁ። ይኸው 5 ሳምንት። አሁን ስደውል አዲስ የገባው ልጅ "ፋይሉ ላይ ያለው ካሽ ሴልስ ነው፣ ተከፍሎሻል ማለት ነው" ይለኛል። እንቅልፍ አጣሁ በእውነት። ፕሮፎርማው፣ ካሽ ሴልሱ፣ ክሬዲት ሴልሱ፣ የገንዘብ መቀበያው፣ ሁሉንም ደረሰኝ ነው የሚሏቸው፣ የቱ የቱ ነው?

ሒሳብ_ቤት፦
እህቴ አይዞሽ፣ 11 አመት በሒሳብ ስራ ላይ ነኝ ይሄ ነገር ስንቱን ሲያጣላ አይቻለሁ። ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። ደረሰኝ ማለት እኮ "እጄ ገባ" ማለት ነው፣ እኛ ግን ብሩ ሳይደርሰን ገና ክፈሉኝ ብለን የምንሰጠውንም ደረሰኝ እንለዋለን። ፋይናንሱ ደረሰኝ አምጪ ሲልሽ የፈለገው ኢንቮይስ ነው፣ ማለትም የዱቤ ሽያጭ፣ ክሬዲት ሴልስ። እሱ "ይሄን ያህል ዕዳ አለባችሁ" የሚል ወረቀት ነው። ካሽ ሴልስ ደሞ ዕቃና ብር እዛው ሲለዋወጡ ነው የሚቆረጠው። ዱቤው የተከፈለሽ ቀን የምትሰጪው ነው የገንዘብ መቀበያ የሚባለው፣ እሱ ሽያጭ አይደለም፣ የቀድሞው ዕዳ ተዘጋ ማለት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቫት ሁለተኛ አይጨመርበትም። ፕሮፎርማ ዋጋ ማቅረቢያ ነው በቃ፣ በሱ ማንም ወጪ አይመዘግብም ገዢውም የግብዓት ቫት (ሲገዛ የከፈለውን ቫት) አያቀናንስበትም።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ ክሬዲት ሴልስም ብትቆርጪ የቫት ግዴታው ብሩ እስኪገባ አይጠብቅሽም። ከ86,000ው 15 ፐርሰንቱ 12,900 ነው፣ እሱን የዛን ወር ሽያጭ ስታሳውቂ ከኪስሽ አውጥተሽ ነው የምትከፍዪው። ለዛ ነው ለዱቤ ደንበኛ መቼ እንደሚከፍል በጽሁፍ ሳትስማሙ ዕቃ መጫን የሌለብሽ።

የስቶር_ሰው፦
እኔ በገዢው በኩል ነው የምሰራው። አንድ ክፍያ ቼክ ሊሰራለት ሲል ፋይሉ ውስጥ ሶስት ነገር እናመሳክራለን፣ የግዢ ማዘዣው፣ ዕቃ የገባበት ሰነድ (መንግስት ቤት ሞዴል 19 የሚባለው፣ የግል ድርጅት ጂአርኤን ይለዋል) እና የሻጩ ኢንቮይስ። ብዛቱ ወይ ዋጋው በአንዷ ከተለያየ ይመለሳል። ያ ልጅ ተከፍሏል ካለ እነሱ ጋ የክፍያ ቫውቸር (ብር ሲወጣ የሚሞላው ሰነድ) መኖር አለበት፣ ቫውቸሩ ላይ ደሞ የቼክ ቁጥርና የተቀባይ ፊርማ። ያንን አሳየኝ በዪው፣ ፊርማሽ ከሌለበት ነገሩ አለቀ። ደብዳቤ ጻፊ፣ ስቶር ኪፐሯ የፈረመችበትን ዴሊቨሪ ኮፒና የባንክ ስቴትመንትሽን አያይዢ፣ ገቢ አድርገው ማህተም ያድርጉልሽ። በንዴት ሌላ ክሬዲት ሴልስ እንዳትቆርጪላቸው ግን፣ አንድ ዕቃ ሁለቴ የሸጥሽ ሆኖ ሁለተኛ ቫት ይመጣብሻል።

መርካቶ_ልጅ፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። የማሽኗ ወረቀት በሙቀት የምትታተም ስለሆነች ፀሀይ ካገኛት ወይ በላስቲክ ከከተትሻት ጽሁፉ ይጠፋል፣ የኔ አንዴ ነጭ ወረቀት ሆና ቀርታለች። ዛሬውኑ ኮፒ አንሺ፣ የኤፍኤስ ቁጥሩ (ማሽኗ የምታትመው የደረሰኝ ቁጥር) ይታይ፣ ምክንያቱም በፓድ የሞላሽው አታችመንት ያለሷ ዋጋ የለውም፣ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛ ቼኩ ሲመጣ ሙሉ 98,900 እንዳትጠብቂ። ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያሽ ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር) ይቆርጣሉ፣ ድሮ 2 ፐርሰንት የነበረው በ2017ቱ ማሻሻያ 3 ሆኗል፣ የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ላይ ነው። ማለትም 2,580 ተቀንሶ 96,320 ይደርስሻል። የተቆረጠበትን ወረቀት ሳትይዢ ከግቢው እንዳትወጪ፣ እሱ የከፈልሽው ግብር ነው፣ አመት ሲዘጋ ከትርፍ ግብርሽ ላይ ይታሰብልሻል።

ወረቀትና_ቀለም፦
እግዜር ይስጣችሁ። የማሽኗን ወረቀት አሁን አውጥቼ አየሁት ጠርዙ መንጣት ጀምሯል፣ ኮፒ አስነሳሁ። ነገ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ቫውቸሩን ነው።