«ለቅጠል ነበር የሚሮጡት»

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ራዲዮ ተከፍቷል። አንዱ ተንታኝ ስለ አትሌቶች ሽልማት ሲያወራ «የጥንት ግሪኮች ለቅጠል ነበር የሚሮጡት፤ የእኛዎቹ ግን ገና መም ላይ ሳይወጡ ስንት ይከፈለናል ይላሉ» አለ። ረዳቱ ሳይቀር «ሀቁን ነው!» ብሎ በሩን መታ መታ አደረገው። እኔ ወራጅ ብዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ለቅጠል! ይሄ ወሬ መቼ ነው የሚያልቅልን?

ጋሽ መዝገቡ፦
ምኑ ነው ያንገበገበህ ልጄ? ሰውየው የቱ ጋ ነው የተሳሳተው? የጥንቱ ኦሎምፒክ በሚካሄድበት በኦሎምፒያ ያሸነፈ ሰው የሚሰጠው የዱር ወይራ ጉንጉን ብቻ ነው። ብር የለ፣ ነሐስ የለ፣ ሁለተኛ የወጣ ስሙም አይጠራ። የታሪክ ጸሐፊውን ሄሮዶቱስን ተመልከት። በ480 ዓ.ዓ. (ከክርስቶስ ልደት በፊት)፣ ግሪክን የወረሩት ፋርሶች ቴርሞፒሌ ላይ ከተዋጉ በኋላ፣ ወደ እነሱ የከዱ የአርካዲያ ግሪኮችን «ግሪኮች አሁን ምን እያደረጉ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «የኦሎምፒያን በዓል እያከበሩ ነው» ይባላሉ። ሽልማቱ የወይራ አክሊል መሆኑን የሰማ አንድ የፋርስ መኳንንት «ለገንዘብ ሳይሆን ለክብር ከሚወዳደሩ ሰዎች ጋር ነው እንዴ ያመጣኸን?» ብሎ የጦር አዛዡ ላይ ጮኸ። እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ ግን «ብቻ» ያሏት ቃል ትቆየን። ኦሎምፒያ ላይ ብቻ። ሰውየው አገሩ ሲገባስ? የአቴንስ ሕግ አውጪው ሶሎን የኦሎምፒያ አሸናፊ ለሆነ የአቴንስ ሰው 500 ድራክማ፣ ቆሮንቶስ አጠገብ ኢስጥሞስ ላይ በሚደረገው ውድድር ላሸነፈ 100 ድራክማ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይሄን የጻፈው ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው፤ እዚያው ላይ አንድ በግ በአንድ ድራክማ ይገመት ነበር ይላል። 500 በግ ማለት ነው። እስቲ ለፋሲካ ሾላ ገበያ 500 በግ ይዘው ይቁሙና «ለቅጠል ነው የሮጥኩት» ይበሉ።

ያልታደለው ደጋፊ፦
ቅጠሉንማ በጎቹ በሉት ኪኪኪ

ጋሽ መዝገቡ፦
ፕሉታርክ ከሶሎን 700 ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው። ደግሞ ለማስረጃ ከሆነ ሁሉንም ጥቀስ፤ ሌላው የጥንት ጸሐፊ ዲዮጋን ላኤርትዮስ ሶሎን ለአትሌቶች የሚሰጠውን ቀነሰ ነው የሚለው።

ዓባይነሽ ዘዲሲ፦
ቀነሰ? ጋሼ፣ ያልተከፈለ ነገር ምኑ ይቀነሳል?

ያልታደለው ደጋፊ፦
ጎል!

ዓባይነሽ ዘዲሲ፦
ፕሉታርክ ዘገየብን ካሉ ደግሞ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ልስጥዎት። አቴንስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. ለፓናቴናያ በዓል የምትሰጠውን ሽልማት ዘርዝራ ድንጋይ ላይ አስቀርጻለች። በልጆች ሩጫ አንደኛ የወጣ 50 እንስራ የወይራ ዘይት ያገኛል። የልጆቹን ነው የምልዎት። አንዱ እንስራ ወደ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሁለት ሺህ ሊትር አካባቢ። ባለ አምስት ሊትሩ ጄሪካን ሲሆን 400 ጄሪካን። አንድ ጎረምሳ 400 ጄሪካን ዘይት ይዞ ቤት ገብቶ እናቱ «ጎሽ፣ ለክብር ሮጥክ» የምትለው ይመስልዎታል? ሱቅ ነው የምትከፍትበት። እንስራዎቹ ላይ ራሱ «ከአቴንስ ሽልማቶች አንዱ» ተብሎ ይጻፍባቸው ነበር።

ጋሽ መዝገቡ፦
እሱ የአቴንስ የራሷ በዓል ነው። እኔ የማወራው ስለ አራቱ ስለ ቅዱሳኑ ነው፤ ኦሎምፒያ፣ ዴልፊ፣ ኢስጥሞስ፣ ኔሚያ። እነሱ ጋ አክሊል እንጂ ዘይት የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «የሚጠፋውን አክሊል» ያለው ለምን ይመስላችኋል? ኢስጥሞስ እኮ ደጃቸው ላይ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ያዩታል። የሚያውቁትን ነው የነገራቸው።

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ብለው ያንብቡ ጋሼ። የሚሮጡት ሁሉ ይሮጣሉ፣ አንዱ ብቻ ግን ምን ይቀበላል? «ዋጋውን» ነው የሚለው። ዋጋ! ቅጠል አላለም።

ጋሽ መዝገቡ፦
መጽሐፍ ቅዱስን ለበግ ሂሳብ አታውለው።

ሸራ ጫማ፦
እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሮጫለሁ፤ ስሜን ማንም አያውቀውም፣ አይወቀውም። ክለቤ የሰባት ወር ደሞዝ ይዞብኝ «ለማልያው ሩጥ» ይለኝ ነበር። የልምምድ ጫማዬ ሶሉ ሲላቀቅ በማስቲሽ እያጣበቅኩ፣ ሌሊት ከድንጋይ በታች አድርጌ እያሳደርኩ ነው ሱሉልታ ስወጣ የነበረው። እና አንዱ ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጣ ቅጠል ሲለኝ ደሜ ይፈላል። «አትሌት» የሚለው ቃል ራሱ እኮ «አትሎን» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ሽልማት ማለት ነው። ሽልማት ፈላጊ! ያለ ክፍያ ነበር የሚለውን ተረት ያመጡት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ የማያስፈልጋቸው የእንግሊዝ ጌቶች ናቸው፤ የቀን ሠራተኛው አብሯቸው እንዳይሮጥ። አሜሪካዊው አትሌት ጂም ቶርፕ በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሁለት ወርቅ አመጣ፤ ቀደም ሲል ለጥቂት ሳንቲም ቤዝቦል ተጫውተሃል ብለው በዓመቱ ነጠቁት። በዚያ በቅጠል ወሬ ነው የነጠቁት።

ዓባይነሽ ዘዲሲ፦
አይዞህ ወንድሜ። ደሞዝህን ከፈሉህ?

ሸራ ጫማ፦
አልከፈሉኝም።

ያልታደለው ደጋፊ፦
ገንዘቡን ተዉት፤ ቢያንስ ግሪኮቹ ለውድድሩ ሲሉ ጦርነት ያቆሙ ነበር። ይሄን አትነኩብኝም።

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
ማን ነው ያቆመው? ጋሼ የጠቀሱት ታሪክ ራሱ የስፓርታው ንጉሥ ሊዮኒዳስ ቴርሞፒሌ ላይ በሞተ ሰሞን የሆነ ነው። ስምምነቱ ወደ በዓሉ የሚጓዝ ሰው አይነካ፣ የውድድሩ አስተናጋጅ የኤሊስ ምድር አይወረር ነው እንጂ ሰይፍ ይሰቀል አይደለም። በ364 ዓ.ዓ. ምን ሆነ? የአምስቱ ዓይነት ውድድር ሩጫ አልቆ ትግሉ ሲጀመር የኤሊስ ጦር መጥቶ ከአርካዲያ ሰዎች ጋር እዚያው ቅዱሱ ቅጥር ውስጥ ተጨፋጨፈ። ተፋላሚ በመሠዊያው በዚህ በኩል፣ ታጋይ በዚያ በኩል። የዘመኑ ጸሐፊ ዜኖፎን ጽፎታል።

ዓባይነሽ ዘዲሲ፦
በ420ም ስፓርታ በስምምነቱ ጊዜ ሠራዊት ልካለች ተብላ 2,000 ምናን ተቀጣች፤ አልከፍልም ስትል ከውድድሩ ታገደች። ሊካስ የሚባል የስፓርታ ሀብታም ሠረገላውን በሌላ የግሪክ አገር፣ በቦዮትያ ስም አስገብቶ አሸነፈና፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ ለማለት ሜዳ ገብቶ ነጂውን ራሱ ሸለመው። ዳኞቹ በዱላ ቀጠቀጡት፤ ሕዝብ እያየ።

ያልታደለው ደጋፊ፦
ወይራ ለዱላ መሆኑን እኛ ብቻ መስሎኝ የምናውቀው።

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
ሩጫ ሳይጀመር ቀድሞ የተነሳም ይገረፍ ነበር። የዛሬዎቹ ቀይ ካርድ ብቻ ነው የሚያዩት።

ጋሽ መዝገቡ፦
ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። ገንዘብ ሲገባ ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። የክሮቶኑ ሯጭ አስቲሎስ ለአገሩ አሸንፎ ሲያበቃ፣ በኋላ የሲራኩስን ገዥ ለማስደሰት «ሲራኩሳዊ ነኝ» ብሎ አስጠራ። የክሮቶን ሰዎች ቤቱን እስር ቤት አደረጉት፣ ሐውልቱንም አፈረሱት። አሁን ልጆቻችን ለባህሬን ሲሮጡ ሳይ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

ዓባይነሽ ዘዲሲ፦
ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተለያየን። እኔ ራሴ ስደተኛ ነኝ። ሲፋን ሐሰን አዳማ ተወልዳ ልጅ ሆና ወደ ሆላንድ ሄደች፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ማራቶኑን ስታሸንፍ ዲሲ ውስጥ ስንቱ ሐበሻ እልል ብሏል። ቤቷን እስር ቤት እናድርገው?

ጋሽ መዝገቡ፦
ስለ ሲፋን አላወራሁም። ስለ ባህሬን ነው ያልኩት።

ዓባይነሽ ዘዲሲ፦
ልዩነቱን ይንገሩኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦
አንዱ ስደት ነው፣ አንዱ ግዢ ነው።

ሸራ ጫማ፦
እኔን የሚገዛ ቢመጣ ኖሮ ሰባት ወር በሹሮ አልቆይም ነበር ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያልታደለው ደጋፊ፦
በነገራችን ላይ ጥንት ግሪኮች ማራቶን የሚባል ውድድር አልነበራቸውም። ረጅሙ ሩጫቸው አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማራቶኑ በ1896 ነው የተጨመረው። ስለዚህ የአበበ ቢቂላ ርቀት የእኛ ነው፤ ግሪኮች ከዚህ ክርክር ይውጡልን።

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
ታዲያ ታምራት ቶላ በዚያው ፓሪስ በወንዶቹ ማራቶን ወርቅ ሲያመጣ፣ የዓለም አትሌቲክስ ለእያንዳንዱ ወርቅ 50 ሺህ ዶላር መድቦ ነበር። የኦሎምፒክ መንፈስ ተሸጠ ብለው ስንት ሰዎች አለቀሱ! የቱ መንፈስ? የ500 በጉ?

ጋሽ መዝገቡ፦
አሁንም አልመለስክልኝም። 500ውን የሰጠችው አቴንስ ናት። 50 ሺውን የሰጠው ግን ራሱ የአትሌቲክሱ የበላይ አካል ነው። ኦሎምፒያ ለማንም ሳንቲም ሰጥታ አታውቅም። ልዩነት አለው የለውም?

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
ለሚበላው ሰው የለውም።

ጋሽ መዝገቡ፦
እኔ የጠየቅኩት ስለሚበላው ሰው አይደለም።

ዓባይነሽ ዘዲሲ፦
ችግሩ እሱ ነው እኮ ጋሼ። ደግሞ ሠረገላ ውስጥ የማን ክብር ነው ያለው? ኪኒስካ፣ የስፓርታ ንጉሥ ልጅ፣ በ396 እና በ392 አሸናፊ ተባለች። ልጓሙን የጨበጠችው እሷ አይደለችም፤ ፈረሶቹ የእሷ ስለሆኑ ነው። አክሊሉ ለባለ ፈረስ። ድሃ የሚሰጠው እግሩን ነው፣ እሱንም በነጻ ይላሉ።

ያልታደለው ደጋፊ፦
ኔሚያ ላይ እኮ አክሊሉ የሰለሪ ነበር። ሾርባ ውስጥ የሚገባው። ለሾርባ ነበር የሚሮጡት ቢል ኖሮ ያ ተንታኝ እኔም እደግፈው ነበር።

ጋሽ መዝገቡ፦
ከእናንተ ጋር ቁም ነገር ማውራት አይቻልም። ለመሆኑ ቀጨኔ፣ አንተ ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ወርደህ በእግርህ የሄድከው ስንት ተከፍሎህ ነው? አየህ፣ አንተም ለቅጠል ነው የሄድከው።

ቀጨኔ ቁልቁለት፦
ሙሉ ሂሳብ ከፍዬ ነው የወረድኩት ጋሼ። መልሱንም ረዳቱ አልሰጠኝም።