የማድቤት ላቫንዲኖ ውሃ አልወርድ ብሏል፤ አሲድ ልጨምርበት?

ግራውንድ ነዋሪ፣ ቱሉ ዲምቱ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነን። ከሦስት ቀን ወዲህ የማድቤቱ ላቫንዲኖ ውሃ ይይዛል፤ ማታ የሞላው ጠዋት ትንሽ ብቻ ጎድሎ ይገኛል። ባኞ ቤቱ በደንብ ይወርዳል። የፈላ ውሃ ደፋሁበት፣ ለውጥ የለም። ባለሱቁ "የባትሪ አሲድ ጨምሪበት" አለኝ፤ ልጆች ስላሉ ፈራሁ። ምን ይሻላል?

ሲፎን ፈቺ
እህቴ፣ አሲዱን ተዪው። የማድቤት ቱቦ የሚዘጋው በአብዛኛው በረጋ ቅባት ነው፤ ለቅባት የባትሪ አሲድ አይፈይድም። የብረት ሲፎን (ከላቫንዲኖው ሥር ያለውን ጠማማ ቱቦ) ይበላል፣ በረኪና ካገኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ጠባብ ማድቤት ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም። የፈላ ውሃም ይቅርብሽ፦ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ፒቪሲ ቱቦ የሚችለው ግን ወደ 60 ነው። ቅቤ ለማቅለጥ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ይበቃል።

ሲፎኑን ፍቺው። የቆመውን ውሃ በጣሳ ጨልፊ፣ ከሥር ባልዲ አድርጊ፣ ጓንት ልበሺ። የፕላስቲክ ከሆነ ቀለበቶቹ በእጅ ይፈታሉ፤ እምቢ ካለ በጨርቅ ጠቅልለሽ በፒንሳ፣ ያለዚያ ይሰነጠቃል። ጎሚኒዎቹ (መጋጠሚያው ውስጥ ያሉት ጎማዎች) እንዴት እንደተቀመጡ ሳታወጪ በስልክ ፎቶ አንሺ፤ ተገልብጦ የገባ ጎሚኒ ያንጠባጥባል። ውስጡ ግራጫ ቅባት ከቡና አተላ ጋር ተለውሶ ታገኛለሽ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና እሺው። ብቻ እዚያው ላቫንዲኖ ላይ እንዳታጥቢው፣ ሲፎኑ እጅሽ ላይ ነው፤ ውሃው እግርሽ ላይ ይወርዳል!

ከገጠምሽ በኋላ ሁለት ጆግ ውሃ ልቀቂና መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ዳብሺ። ከረጠበ ሩብ ዙር ጨምሪ፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

የማንሆል ሰው
ከመፍታትሽ በፊት አንድ ነገር እዪ፦ ያንቺን የውሃ ቧንቧ ዘግተሽ ሳለ፣ ፎቅ ያሉት ሲያጥቡ ውሃ ካንቺ ላቫንዲኖ ይወጣል? ከወጣ የተዘጋው የጋራው መውረጃ ነው፣ ሲፎን መፍታት ጎርፍ መጋበዝ ነው። ባኞ ቤቱ መውረዱ ብቻ የጋራው ክፍት መሆኑን አያረጋግጥም፤ የማድቤቱ መውረጃ ለብቻው ሊሆን ይችላል። የተዘጋው የጋራው ከሆነ ኮሚቴው ባለሙያ ጠርቶ ማንሆሉን ያስከፍት። ጭንቅላቱንም ቢሆን ማንም ወደ ውስጥ እንዳያስገባ፤ እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ፎቅ ያሉት ሲያጥቡ ውሃ ካልወጣና ሲፎኑም ንጹህ ከሆነ፣ የተዘጋው ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ነው። 5 ሜትር የቱቦ መጥረጊያ ስፕሪንግ ይበቃል። ሲያግድሽ አትግፊ፣ እያዞርሽ አስገቢ፤ በግፊት የሄደ ስፕሪንግ ክርን ላይ ታጥፎ ይቀራል። የአጥር ሽቦ የሚሞክሩ አሉ፤ እሱ ራሱ ውስጥ ቀርቶ ቱቦውን ይዘጋል።

ግራውንድ ነዋሪ
አመሰግናለሁ። ከላይ የሚመጣ የለም። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶስ?

ሲፎን ፈቺ
አረፋው ያምራል፣ ቅባቱ ግን አይነቃነቅም። ሁለቱ ሲገናኙ ተጣፍተው የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። ለሽታ ከሆነ ይሁን። ኮስቲክ ሶዳ ቅባት ይበላል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በቆመ ውሃ ላይ ከጨመርሽው እዚያው ይቀመጥና፣ ቀጥሎ ሲፎኑን የሚፈታው ሰው እጅና ዓይን ላይ ይፈሳል። ፍቺው ይሻላል፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።