ውርስ ትርጉም በምን ይመዘን? ጅማ ላይ ስለ አኒሜ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
ባለፈው ቅዳሜ ሄርማታ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ ስለተለያየን፣ ጥያቄውን እዚህ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ውርስ ትርጉም፣ ማለትም ከማንጋ (ከጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ወይም ከልብ ወለድ የተወሰደ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም)፣ ሊመዘን የሚገባው ለምንጩ ባሳየው ታማኝነት ነው ወይስ ራሱን ችሎ እንደቆመ ሥራ? መነሻችን ከሂሮሙ አራካዋ ማንጋ የተወሰዱት ሁለቱ የ«ፉልሜታል አልኬሚስት» አኒሜዎች ናቸው፤ ታሪኩ የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ ቁስን በሚለውጥ ጥበብ፣ ለማስነሣት ሞክረው የከሸፈባቸው የሁለት ወንድማማቾች ነው። «ምርጥ ነው» ወይም «አይረባም» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው የሚቀጥለውን ቡና እንዲከፍል መስማማታችንን አስታውሳለሁ። ያላያችሁት ካላችሁ ደግሞ ፍጻሜው እዚህ እንደሚነገር እወቁ።

የጅሬን ልጅ፦
አቋሜ ግልጽ ነው፤ ውርስ ትርጉም ባለዕዳ ነው፣ ባለዕዳ ደግሞ የሚጠየቀው በተበደረው ልክ ነው። ማንጋው እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 ታትሟል። የ2003ቱ አኒሜ 51 ክፍሎቹን ሲሠራ ማንጋው ገና ስላላለቀ፣ አዘጋጆቹ ከመንገድ ወጥተው የራሳቸውን ታሪክ ፈጠሩ። በ2009 የጀመረው «ብራዘርሁድ» ግን በ64 ክፍሎች የደራሲዋን ታሪክ እስከ ፍጻሜው አድርሶታል። ልዩነቱ የጌጥ ልዩነት አይደለም። በማንጋው ሆሙንኩለሶቹ፣ ማለትም ሰው መሳዮቹ ጠላቶች፣ ከአንድ ምንጭ የወጡ፣ ያ ምንጭ ከራሱ የነቀላቸው ኃጢአቶች ናቸው፤ በ2003ቱ ግን ሰዎች ሙታናቸውን ለማስነሣት ሞክረው ሲከሽፍባቸው የሚወለዱ ፍጡራን ሆነዋል። የታሪኩን አከርካሪ ቀይሮ ስሙን ይዞ መቀጠል ድፍረት ነው። በዚያ ላይ ከጠላቶቹ አንዷን የወንድማማቾቹን የሟች እናት ፊት ማልበስ፣ በእኔ ዓይን ተመልካቹን በግድ ለማስለቀስ የተዘረጋ ወጥመድ ነው።

ባለ ማስታወሻዋ፦
ወንድሜ የጅሬን ልጅ፣ የዘረዘርከውን እውነታ ሁሉ እቀበላለሁ፤ የማልቀበለው ፍርዱን ነው። የዕዳውን ነገር ካነሣህ፣ አበዳሪዋ ራሳቸው ስቱዲዮው የራሱን ፍጻሜ እንዲሠራ ፈቅደዋል። እኔ ግን በፈቃድ ላይ አልከራከርም፤ ያለ ፈቃድም የተሠራ ቢሆን ጥያቄው የሚለወጥ አይመስለኝም።

የወንድማማቾቹን ወዳጅ፣ የጦር መኮንኑን የሜስ ሂውዝን ሞት እንውሰድ። ሂውዝ በ2003ቱ የሚሞተው በ25ኛው ክፍል ሲሆን፣ በ«ብራዘርሁድ» ግን ገና በ10ኛው ነው። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ገና ከመግባቷ «እዬዬ» አትልም። ሟቹ ማን እንደነበረ፣ ለማን ምን እንዳደረገ፣ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚጠራው እያነሣች ትቆይና፣ ሰዉ ሟቹን እንደገና ባወቀው ሰዓት ነው ዜማዋን ከፍ የምታደርገው። የ2003ቱ አዘጋጆች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሂውዝ የልጁን ፎቶግራፍ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ እንስቃለን፤ እንሰለቸዋለን፤ ልጅቱ የተወለደችበትን ቀን እንኳ ከወንድማማቾቹ ጋር እናያለን። ስለዚህ በቀብሩ ላይ ልጅቱ አባቷን ለምን አፈር እንደሚያለብሱት ስትጠይቅ፣ የምናለቅሰው ለቤተ ዘመድ ነው። «ብራዘርሁድ» ያንኑ ቀብር በሚያምር ሥዕልና ሙዚቃ አቅርቦታል፤ ነገር ግን መግቢያውን ያሳጠረው አብዛኛው ተመልካች የ2003ቱን አይቷል ብሎ ይመስላል። ለምንጩ ታማኝ የሆነው ሥራ እዚህ ቦታ ላይ የሚያስለቅሰን በሌላው ሥራ ድካም ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የእናትየው ፊት ያልከውም ወጥመድ አይመስለኝም። ልጆቹ እናታቸውን ለማስነሣት የሞከሩት ከፍቅር ነው፣ ከትዕቢትም ጭምር ነው፤ ያ ጥፋት በር ያንኳኳው በማያውቁት ጭራቅ መልክ ሳይሆን ሲናፍቁት በኖሩት መልክ ነው። ታላቁ ወንድም ኤድዋርድ እጁን ሲያነሣ የሚያመነታው ለዚህ ነው፤ ማመንታቱም ከብዙ ንግግር ይልቅ ማንነቱን ያሳየናል። እኔ ገጸ ባሕርይ አሳሳል የምለው ይህን ነው።

ሥራው እንከን የለውም አላልኩም። ወደ መጨረሻው የእውነት በር የተባለው ሲከፈት በወዲያኛው በኩል የእኛ ዓለም፣ ለንደን፣ ድንገት ብቅ ትላለች፤ ያን ያህል ክፍል ያለፈ ታሪክ ለዚህ አላዘጋጀንም። ይህ ግን ማንጋው ውስጥ ስለሌለ የመጣ ጉድለት አይደለም። ራሱ አኒሜው ባልጣለው መሠረት ላይ ጣሪያ ስላቆመ ነው።

የጅሬን ልጅ፦
ሙሾዋን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን መለኪያሽ ለሁሉም በር የሚከፍት እንዳይሆን እሰጋለሁ። በ2021 የወጣውን የ«ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ» ሁለተኛ ምዕራፍ ተመልከቺ። በ11 ክፍሎች ለመጨረስ ሲቻኮል በማንጋው ትልቅ ቦታ ያለውን የጎልዲ ፖንድን ታሪክ ሙሉ በሙሉ ዘለለው። «ራሱን ችሎ ይመዘን» የምትይው ሥራ ይህን ቢያካትት፣ እኛ አንባቢዎች የተነጠቅነውን ነገር በምን ስም እንጥራው?

ባለ ማስታወሻዋ፦
የተነጠቃችሁት ቅር ቢላችሁ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ማንጋ አንድ ገጽ አላነበበም፤ ከጓደኛው በፍላሽ ገልብጦ አብረን አየነው። ሲያልቅ «መሐል ላይ ያልተገለበጠ ፋይል አለ እንዴ?» ብሎ ፍላሹን እንደገና ከፍቶ ፈለገ። የገጸ ባሕርያቱ ውሳኔ ምክንያቱ ስላልታየ፣ ፍጻሜውም በተደረደሩ ሥዕሎች ተሽቀዳድሞ ስላለፈ፣ ጉድለቱን ለማየት ማንጋው አላስፈለገውም። የእኔ መለኪያ ለዚህ ሥራ ከአንተ መለኪያ ይልቅ የሚጨክንበት ይመስለኛል፤ አንተ «ታማኝ አይደለም» ስትል እኔ «አልተሠራም» እላለሁና።

መምህር፦
ልጆቼ፣ ከአኒሜው ያየሁት ጥቂት ቢሆንም በአንድ ነገር ልግባ። ስሜትን አጉልቶ ማስለቀስ፣ ሜሎድራማ የሚባለው፣ በዚህ ክርክር እንደ ነውር ተነሥቷል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ወጋየሁ ቃሉን አልቀየረም፤ ሆኖም ድምፁን ዝቅ ሲያደርግና ትንፋሹን ሲይዝ የነበረው ስሜት ከታተመው ገጽ ላይ የለም። ታማኝ የሚባለው ንባብ እንኳ ሌላ ሥራ ነው።

ልጄ ካሳየችኝ መካከል «ቫዮሌት ኤቨርጋርደን» የተባለው ስለ ደብዳቤ ጸሐፊ በመሆኑ ልቤን ነክቶታል፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሰውን ብሶት በማመልከቻ ቋንቋ የሚያሰፍሩትን ሰዎች አስታወሰኝ። ልጄ እንደነገረችኝ፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለች እናት ለትንሽ ልጇ ለ50 ዓመታት በየልደቷ የሚደርሱ ደብዳቤዎች የምታጽፍበት ታሪክ በመጽሐፉ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲሆን፣ በ2018ቱ አኒሜ ግን 10ኛው ክፍል ነው። አዘጋጆቹ አስቀድመው ጸሐፊዋ የሰው ስሜት የማይገባት፣ «እወድሻለሁ» የሚለውን ቃል ትርጉም ፍለጋ የወጣች ሴት መሆኗን አሳዩን። ስለዚህ በልጅቱ ፊት እንባዋን ውጣ ቆይታ በኋላ ስታነባ፣ እንባው የደንበኛዋ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የራሷም ሆነ። ቅደም ተከተሉን ባይነኩት ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። ያም ሆኖ ሙዚቃው በየክፍሉ «አሁን አልቅሱ» እያለ ትከሻችንን የሚነካበት ጊዜ በዝቶብኛል፤ ሦስተኛው ላይ ልጄን ድምፁን ቀንሺ ብያታለሁ።

የጅሬን ልጅ፦
መምህር፣ እርስዎ ያነሡት የቅደም ተከተል ለውጥ እኔም የምቀበለው ዓይነት ነው፤ የደራሲው ሐሳብ እዚያው አለ፣ የተቀየረው የሚደርስበት ሰዓት ነው። ሆሙንኩለስን ከሥሩ መቀየር ግን የሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከእህቴ ጋር አልተስማማሁም። ስለ ሂውዝ ያለችውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፤ ትናንት ማታ 10ኛውንና 25ኛውን ክፍሎች በተከታታይ አየኋቸው። በ10ኛው አዘንኩ። በ25ኛው ግን መሐል ላይ አቁሜ ውጭ ወጣሁ።

አወያይ፦
እስካሁን ቡና የሚከፍል አልተገኘም። ሆሙንኩለስን በተመለከተ የቀረው ክርክር ክፍት ነው፤ ሁለቱንም ጨርሶ ያየ ሰው ቢጀምርልን።